ልጅ ኢያሱን ከዙፋን ያወረደው ሃይማኖቱ ነው ወይስ ጦርነቱ?

የተንታው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ወሬው ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሻገር ልጅ ኢያሱ ላይ ደረሰ። አንደኛው አጎቴ «ሰልሞ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ባታወርደው ኖሮ አገሪቱ አልቆላት ነበር» አለ። ሌላኛው ደግሞ «ውሸት ነው! ከጀርመንና ከቱርክ ጋር ወዳጅ ሆነብን ብለው እንግሊዝና ፈረንሳይ ናቸው ያስወረዱት» ብሎ ተነሳበት። ሁለቱም ወሎዬ ናቸው። ሁለቱም በዕድሜ የገፉ ሰዎች ናቸው። ድምፃቸው እየጨመረ ሲሄድ እናቴ «ሰው ሞቶብን እኮ ነው የተቀመጥነው» ብላ ዝም አሰኘቻቸው።

እኔ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ትምህርት ቤት የተማርነው ጥቂት መስመር ነው። «ልጅ ኢያሱ ሥልጣን ያዘ፣ ወረደ፣ ዘውዲቱ ነገሠች» ይልና ያልፋል። እናንተ የምታውቁ ንገሩኝ። በእርግጥ ሰልሞ ነበር? ቤተ ክርስቲያንስ የነገሠን ሰው ማውረድ የምትችለው በምን ሥልጣን ነው? ያኔ አውሮፓ ውስጥ ይካሄድ የነበረው ጦርነት ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?

መሳደብ የሚፈልግ ሰው እባካችሁ ሌላ ቦታ ይሂድ። እኔ ዘመዶቼ ከሁለቱም ሃይማኖት ናቸው።

አንጎለላ

ወንድሜ፣ እኔ ነገሩን የማየው እንደ መጀመሪያው አጎትህ ነው። ምክንያቴን ልንገርህ።

በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ንጉሥ የቤተ ክርስቲያን ጠባቂ ነበር። ሕጉም ልማዱም ይኸው ነው። ልጅ ኢያሱ መስጊድ ገብቷል፣ የሙስሊም ባላባቶችን ልጆች አግብቷል፣ እስላም ያረደውን ሥጋ በልቷል፣ ጥምጣም ጠምጥሟል ተብሎ ተከሷል። ከአዲስ አበባ ይልቅ ሐረር፣ ድሬዳዋና ጅግጅጋ መቀመጥ ይመርጥ ነበር። በዚህ ላይ ቱርክ ጂሃድ ባወጀችበት ሰዓት ከቱርክ ቆንስል ጋር ይመላለሳል። ሦስት ቅኝ ገዥዎች ዙሪያህን ከበውህ ሳለ ከእነሱ ጠላት ጋር መወዳጀት አገርን በእሳት ማስያዝ ነው። ጅቡቲ የፈረንሳይ፣ በርበራ የእንግሊዝ፣ ምጽዋ የጣልያን። ጥይት የሚገባው በማን በር ነው?

የሸዋ መኳንንት አገር አድነዋል ብዬ አምናለሁ። አያቶቼ ለኢያሱ ከተነሳው የወሎ ጦር ጋር ሲዋጉ ሰገሌ ላይ ደማቸውን ያፈሰሱት ለዚህ ነው። ይህን ስል ሙስሊም ወገኖቼን ለመንካት አይደለም። በዘመኑ ሚዛን ነገሩ እንዴት ይታይ እንደነበር ለመናገር ነው።

ጡረተኛው መምህር፣ ከደሴ

ልጄ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሳኸው። ደሴ ውስጥ ለረጅም ዓመት ታሪክ አስተምሬአለሁ። ይህን ምዕራፍ ባስተማርኩ ቁጥር ክፍሉ ለሁለት ይከፈል ነበር። ስለዚህ ትንሽ ልርዘም፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ ስለ ሥጋው። ይህን ወሎ ላላደገ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። የአባቴ እናት ሙስሊም ነበሩ፤ የእናቴ ወገን ክርስቲያን ነው። እኛ ቤት ሰርግ ሲሆን ሁለት ሰንጋ ይጣላል። አንዱ «በስመ አብ» ተብሎ፣ ሌላው «ቢስሚላህ» ተብሎ ይታረዳል። ወጡ የሚሠራው በየድስቱ ነው፤ ጭልፋው እንኳ አይቀላቀልም። ዳሱ ግን አንድ ነው። ጫወታውም አንድ ነው። አያቴ የክርስቲያኑን ሥጋ ሳይቀምሱ የክርስቲያኑን ሙሽራ ሲመርቁ አድረዋል።

ስለዚህ «እስላም ያረደውን በላ» የሚለው ክስ ተራ ነገር እንዳይመስልህ። በዚያ ዘመን ሰው የማን ወገን እንደሆነ የሚታወቀው በአንገቱ ማተብና በሚበላው ሥጋ ነው። ክሱን የሰማ የሸዋ ወታደር ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። ኦጋዴንና አፋር ድረስ ሄዶ ከባላባቶቹ ጋር ቁጭ ብሎ የበላ ወጣት ግን በራሱ ዐይን ምን እያደረገ ነበር? እነዚያ ሰዎች እንዲያምኑት ከፈለገ ከማዕዳቸው መቅረብ ነበረበት። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በጦር ግብር የሚከፍሉ ሕዝቦች ናቸው። እሱ በጋብቻና አብሮ በመብላት ሊያቀርባቸው ሞከረ። ይህ እምነት ነው ፖለቲካ? እኔ በበኩሌ ፖለቲካው ይበዛል እላለሁ።

አባቱን ደግሞ አስብ። ንጉሥ ሚካኤል ሙስሊም ሆነው ነው የተወለዱት፤ ስማቸው መሐመድ አሊ ነበር። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠሩ። ቦታው ከደሴ ከተማ ብዙ አይርቅም። ከዚያ በኋላ ሹመት የያዘ ሙስሊም ሁሉ ወይ ይጠመቃል ወይ ሹመቱን ይለቃል ተባለ። መሐመድ አሊ ተጠመቁ፤ አፄ ዮሐንስ ራሳቸው የክርስትና አባት ሆኑላቸው። አፄው ይህን ያደረጉት ግብፅ ጉንደትና ጉራ ላይ ከተሸነፈች ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ከባሕር በኩል የሙስሊም መንግሥት ጦር መጥቶባቸዋል። በመሐል አገር ያለውን ሙስሊም ሲያዩ ያ ጦር ይታያቸው ነበር። እንግዲህ አየህ፣ በእኛ አገር የሃይማኖት አዋጅ ከጦርነት ጋር ተያይዞ የመጣው በኢያሱ ጊዜ አልነበረም።

አሁን ወደ ጦርነቱ ልምጣ። ምኒልክ ግንቦት 1901 ዓ.ም. የልጃቸውን የሸዋረጋን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው አሳወጁ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ዓመት ሳይሞላ አውሮፓ እርስ በርሱ ተያያዘ። በ1907 ዓ.ም. ጥቅምት ቱርክ ከጀርመን ጎን ተሰለፈች። ኅዳር ላይ በሱልጣኑ ስም ጂሃድ ታወጀ። ሱልጣኑ ራሱን የሙስሊሞች ሁሉ ኸሊፋ ይል ስለነበር፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ከግብፅ እስከ ሕንድ የሚገዟቸው ሙስሊሞች ይነሱብናል ብለው ተጨነቁ። የሶማሌው ሰይድ ሙሐመድ አብዱላሂ ሐሰን ደግሞ እንግሊዝን ሲዋጋ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ልጅ ኢያሱ ከእሱ ጋር ይላላክ ነበር። ሐረር ከነበረው የቱርክ ቆንስልና አዲስ አበባ ከነበረው የጀርመን ተወካይ ጋርም ይገናኝ ነበር።

ለምን እንዲህ አደረገ? ካርታ አውጣና ተመልከት። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን በ1899 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በተመለከተ እርስ በርሳቸው ውል ተፈራርመዋል። ምኒልክ ዙፋን ላይ ሳሉ አገሪቱን በየጥቅም ክልላቸው ተከፋፍለዋት ነበር። ባሕሩን የዘጉብን እነሱ ናቸው። ጀርመንና ቱርክ ቢያሸንፉ ያ ሰንሰለት ይበጠሳል ብሎ ማሰብ እብደት አይደለም። የተሳሳተ ግምት ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ የመንግሥት ግምት ነው፤ ሹማምንት በምክር ቤት ቁጭ ብለው ሊከራከሩበት የሚገባ ጉዳይ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ምክር ቤቱ የታል? ያልተስማማ ሚኒስትር አለቃውን የሚያወርድበት ሕግ የለም። ያለው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ «ሃይማኖቱን ለውጧል» ማለት። አንጎለላ ወንድሜ፣ «አገር አድነዋል» ያልከውን አከብራለሁ። ነገር ግን ከሳሾቹ የራሳቸው ጉዳይም ነበራቸው። ነሐሴ 1908 ዓ.ም. ኢያሱ ደጃዝማች ተፈሪን ከአባታቸው ከራስ መኮንን ግዛት ከሐረር አንስቶ ወደ ከፋ ሾማቸው። የምኒልክ ዘመን ሰዎች ከቤተ መንግሥቱ እየራቁ፣ እሱ ያቀረባቸው አዳዲስ ሰዎች ቦታቸውን እየወሰዱ ነበር። የወሎው ሚካኤል ንጉሥ ተብለው ትግሬን ጨምሮ ሰሜኑን ሲገዙ የሸዋ መኳንንት በምን ዐይን ያዩዋቸው ነበር? መስከረም ሲጠባ ደግሞ የሦስቱ መንግሥታት ተወካዮች አቤቱታቸውን በጽሑፍ አቀረቡ። ሁለት ሳምንት ብዙም ሳያልፍ የመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ መኳንንቱና ካህናቱ ቤተ መንግሥት ተሰበሰቡ። ክሱ ተነበበ። ተከሳሹ ሐረር ነበር።

እኔን እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ክሱ የእምነት ነው፤ የእምነት ክስ ደግሞ ሰውየውን ቀርቦ መጠየቅ ይፈልጋል። «ታምናለህ ወይስ ክደሃል?» ብሎ የጠየቀው ማንም የለም። ጥምጣም ጠምጥሞ የሚያሳየው ፎቶ ብዙ ቦታ ዞሯል፤ እውነተኛ ነው ሐሰተኛ ነው የሚለው ክርክር ዛሬም አላለቀም። እና «ሰልሞ ነበር ወይ?» ለሚለው ጥያቄህ ከእኔ የምታገኘው መልስ ይህ ነው፦ የፈረዱበት ሰዎች ራሳቸው ሳያጣሩ ነው የፈረዱት። ፍርዱ እንዲህ የቸኮለው ጦርነቱ ስለማይጠብቅ ነው።

ዲያቆን፣ ደብረ ብርሃን

መምህር ብዙውን ተናግረዋል። እኔ ሁለተኛውን ጥያቄ ልመልስ፤ ቤተ ክርስቲያን በምን ሥልጣን አወረደችው የሚለውን።

መኳንንቱ ለኢያሱ ሲምሉ መሐላው በጳጳሱ በአቡነ ማቴዎስ ግዝት የታሰረ ነበር። ዛሬ ያለ ሰው መሐላ ሲባል ቃል መስጠት ብቻ ሊመስለው ይችላል። በግዝት የተማለ ሰው ቃሉን ካፈረሰ ከቁርባንም፣ ከፍትሐትም፣ ከክርስቲያን መቃብርም ይለያል። ሕፃን ልጁን ክርስትና የሚያነሳለት ካህን አያገኝም። በጦርነት ሞትን የማይፈራ ጀግና ሳይፈታ መሞትን ይፈራል። ጌታ በወንጌል «በምድር የምታስሩት ሁሉ በሰማይ የታሰረ ይሆናል» ብሏል። ስለዚህ ያ ሁሉ ጦር፣ ያ ሁሉ ባላባት፣ አቡኑ «ፈትቻችኋለሁ» እስኪሉ ድረስ እጁ ታስሯል።

የዚያን ቀንም አቡነ ማቴዎስ ወዲያው እሺ አላሉም። አመንትተዋል። በመጨረሻ ግን መሐላውን ፈቱ፣ ኢያሱንም አወገዙ። ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ ራስና አልጋ ወራሽ ተባሉ። ኢያሱ ሳይቀባ፣ ዘውድ ሳይጭን መቆየቱም ነገሩን አቀለለው። «ልጅ» እየተባለ የቀረውም ለዚህ ነው። ቅብዓ መንግሥት የተቀበለ ንጉሥ ቢሆን ኖሮ ለአባቶች የበለጠ ይከብዳቸው ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያስተውልም። አቡነ ማቴዎስ ግብፃዊ ናቸው፤ የተሾሙት ከእስክንድርያ ነው። ግብፅ ደግሞ ከታኅሣሥ 1907 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ነበረች። አቡኑ በእንግሊዝ ትእዛዝ ሠሩ ብዬ አልናገርም፤ ሰውየው አፄ ምኒልክን የቀቡ፣ ዕድሜያቸውን እዚህ የጨረሱ አባት ናቸው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን የራሷን ጳጳስ መሾም ባልቻለችበት ዘመን የመንግሥታችን መሐላ ቁልፍ ከባሕር ማዶ በመጣ ሰው እጅ እንደነበር ግን ማወቅ አለብን። እኔን እንደ ካህን የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው።

የጀጎል ልጅ

እኔ ከሐረር ነኝ። ስለ አዲስ አበባው ስብሰባ ሁሌም ይወራል። እኛ ከተማ የሆነውን ግን የሚያነሳ ሰው አላይም።

ያ ወሬ ሲመጣ ልጅ ኢያሱ ሐረር ነበር። ከዚያ ወደ ጅግጅጋ፣ ቀጥሎም ወደ አፋር ሸሸ። ከሄደ በኋላ ከተማው ውስጥ የነበሩ ብዙ ሶማሌዎች በወታደሮች ተገድለዋል። ይህ በታሪክ የተጻፈ ነገር ነው። አያቴ ይህን ከእናታቸው ሰምተው ይነግሩን ነበር። በሮቹ ተዘግተው እንደነበር፣ ሴቶች ጎረቤቶቻቸውን ይደብቁ እንደነበር ይነግሩናል። የተገደሉት ሰዎች ከጀርመን ጋር ውል አልተዋዋሉም። የቱርክን ቆንስል ደጃፍ አያውቁትም። ግመል ነጂና ነጋዴ ናቸው።

ላይ ያሉ ሰዎች የፖለቲካ ጠብ ሲኖራቸው «እሱ እስላም ሆነ» ብለው ሲያውጁ፣ ታች ያለው ወታደር ይህን የሚሰማው ሌላ ዓይነት ነው። እሱ «እስላም ጠላት ነው» ብሎ ይሰማዋል። አንጎለላ ወንድሜ፣ በዘመኑ ሚዛን እንየው ብለሃል። በዘመኑ ሚዛን የእኛ ሰዎችም ሰዎች ነበሩ።

አንጎለላ

እህቴ፣ ያልሽውን ሰምቻለሁ። ይህን አላውቅም ነበር፤ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። ያን ግድያ ማንም ትክክል ነበር ሊል አይችልም።

ለመምህር ግን ጥያቄ አለኝ። ሰገሌ ላይ የተሰለፈውን ጦር እንዴት ያዩታል? እኛ ቤት «የእስላምና የክርስቲያን ጦርነት» ተብሎ ነው የሚነገረው።

ጡረተኛው መምህር፣ ከደሴ

የጀጎል ልጅ፣ አመሰግንሻለሁ። ይህን እኔም ክፍል ውስጥ ሳነሳ ተማሪዎቼ ይደነግጡ ነበር። መጽሐፉ ውስጥ ስለሌለ ነው።

አንጎለላ፣ ስለ ሰገሌ ደግ ጠይቀሃል። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም.። የወሎን ጦር የመሩት ማን ናቸው? ንጉሥ ሚካኤል። ዐድዋ ላይ ከፈረሰኞቻቸው ጋር የተዋጉ፣ ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ፣ በጳጳስ እጅ ዘውድ የጫኑ ክርስቲያን ንጉሥ። ከኋላቸው የተሰለፈው ወሎዬ ክርስቲያንም ሙስሊምም ነው። ከፊታቸው የሸዋን ጦር ይዘው የተሰለፉት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው። እሳቸውም ዐድዋ ነበሩ። ሁለት የዐድዋ አርበኛ ሰገሌ ሜዳ ላይ ተፋጁ። ይህን «የእስላምና የክርስቲያን ጦርነት» ማለት እንዴት ይቻላል? አባት ለልጁ ነው የተዋጋው። ወሎ ለዙፋኑ ነው የተዋጋው።

ከሰገሌ በፊት ቶራ መስክ ላይ ሚካኤል የሸዋውን የራስ ልዑል ሰገድን ጦር ደምስሰው ነበር፤ ራሱም እዚያው ወደቁ። ያን ጊዜ ቢገሰግሱ አዲስ አበባ ይገቡ ነበር የሚሉ አሉ። ሀብተ ጊዮርጊስ በደብዳቤ እያዘናጉ ጊዜ ገዙ ይባላል። ከዚያ የሸዋ ጦር ከየአቅጣጫው ተሰበሰበና ሰገሌ ላይ ሚካኤል ተማረኩ። አዲስ አበባ በሰንሰለት ታስረው በሕዝብ ፊት አለፉ። በእስር ላይ እንዳሉም ሞቱ።

ወሎ ያንን ቀን አልረሳም። ሽንፈት ብቻ ቢሆን ይረሳ ነበር። «የከሃዲው አገር» የሚለው ስም ነው የቆየው። እኔ ልጅ ሳለሁ እንኳ አዲስ አበባ ትምህርት ልሄድ ስል አንድ የሰፈር ሽማግሌ «ወሎዬ ነኝ ስትል ክርስቲያን ነኝ ማለትን አትርሳ» ብለውኛል። ያ ምክር ከየት መጣ?

ይህን ቁስል ማን ተጠቀመበት መሰላችሁ? ጣልያን። ኢያሱ በ1913 ዓ.ም. ተይዞ ፍቼ ታሰረ። በ1924 ዓ.ም. አምልጦ እንደገና ተያዘና ጋራ ሙለታ ተወሰደ። ጣልያን በወረረን ሰሞን፣ ኅዳር 1928 ዓ.ም.፣ እዚያው በእስር ሞተ። ጣልያን ግን «እኛ የሙስሊሞች ወዳጅ ነን» እያለ ገባ። መስጊድ አሠራ፣ ዐረብኛ ትምህርት አስፋፋ። ሙሶሊኒ ራሱ በ1929 ዓ.ም. ትሪፖሊ ሄዶ «የእስልምና ሰይፍ» የሚባል ሰይፍ ተቀበለ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ግን ጦሩ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳትን ፈጀ። አቡነ ጴጥሮስ ደግሞ ከዚያ ቀደም ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተደብድበዋል። ለሙስሊሙ መስጊድ፣ ለመነኩሴው ጥይት። ለሃይማኖት አዝኖ አይደለም። ሁለቱን አለያይቶ ለመግዛት ነው። ይህን ማድረግ የቻለው ደግሞ እኛ በ1909 ዓ.ም. የተውንለት ስንጥቅ ስለነበረ ነው። ያንን ወጥመድ አይተው ከአርበኛው ጎን የቆሙ ብዙ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ለእነሱ ያለኝን አክብሮት በቃል አልጨርሰውም።

የተንታው

መምህር፣ ዲያቆን፣ እህቴ፣ አንጎለላ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የእናንተን መልስ ለሁለቱም አጎቶቼ አነበብኩላቸው። የመጀመሪያው «ሰገሌ ላይ የተዋጉት ሁለቱም ዐድዋ ነበሩ» የሚለውን ሲሰማ ረጅም ሰዓት ዝም አለ። ሁለተኛው ደግሞ «እንግሊዝና ፈረንሳይ ብቻ ናቸው ያስወረዱት» ማለቱን ትቷል፤ የደጃዝማች ተፈሪን ከሐረር መነሳት አላሰበበትም ነበር።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ዲያቆን፣ ግዝትን ለጦርነት መጠቀም ከዚያ በኋላ ቆመ?

ዲያቆን፣ ደብረ ብርሃን

አልቆመም። እንዲያውም በአውሮፕላን መጣ።

በ1922 ዓ.ም. የንግሥት ዘውዲቱ የቀድሞ ባል ራስ ጉግሣ ወሌ በጌምድር ሆነው በንጉሥ ተፈሪ ላይ ተነሱ። የመንግሥት ጦር አንቺም ላይ ገጠማቸው። ቀኑ መጋቢት 22 ነው። ከጦሩ በላይ ግን በሰማይ አዲስ ነገር ይበር ነበር። መንግሥት ያስመጣቸው አውሮፕላኖች ወረቀት በተኑ። ወረቀቱ ላይ ያለው የጳጳሳቱ ቃል ነው፤ ጉግሣን የተከተለ ሁሉ የተወገዘ ነው ይላል። ይህን ያወጁት ከግብፅ የመጡት አቡነ ቄርሎስና አዲስ የተሾሙት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት ናቸው። ካህን ከመሐል ሆኖ የሚያነብለት ወታደር ወረቀቱን ሲሰማ ምን እንደተሰማው አስቡት። የራሱ ጌታ አጠገቡ አለ፤ ግዝቱ ደግሞ ከሰማይ ወርዷል። ቀጥሎ ቦምብ ወደቀ።

ጉግሣ በዚያው ቀን ተገደሉ። ንግሥት ዘውዲቱም ከሁለት ቀን በኋላ ዐረፉ። በ1909 ዓ.ም. በግዝት መፈታት ወደ ዙፋን የወጡት ንግሥት የቀድሞ ባላቸው በተወገዙበት ሰሞን ሞቱ።

ልብ በሉ፣ ጉግሣ ኦርቶዶክስ ናቸው። ማንም «ሰለመ» አላላቸውም። ስለዚህ የመምህርን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ ውግዘቱ የሚወጣው መንግሥት ጦርነት ሲገጥም ነው፤ የእምነት ጥያቄው ቢኖርም ባይኖርም። እኔ ይህን የምለው ቤተ ክርስቲያኔን ስለምወድ ነው። ግዝት ለንስሐ የተሰጠ ሥልጣን ነው። ለጦር ሜዳ ሲውል የሚጎዳው ተወጋዡ ብቻ አይደለም፤ ነገ አባቶች እውነተኛ ተግሣጽ ሲሰጡ የሚሰማቸው ሰው ያጣሉ።

ጡረተኛው መምህር፣ ከደሴ

ዲያቆን፣ ያን ወረቀት ክፍል ውስጥ ሳነሳው ተማሪዎቼ የሚጠይቁኝን ልንገርህ። «ጋሼ፣ ወታደሩ ወረቀቱን ሰምቶ ከድቶ ሄደ?» ይሉኛል። ከጉግሣ ጦር ብዙው ከውጊያው በፊትም በኋላም መበተኑ ይታወቃል። በግዝቱ ነው፣ በቦምቡ ነው፣ ወይስ በረሃቡ ነው የሚለውን መለየት ግን ይከብዳል። በጌምድርም ወሎም በዚያ ዘመን ድርቅና የአንበጣ መንጋ ያጠቃቸው አካባቢዎች ነበሩ። የተራበ ወታደር ቶሎ ይበተናል።

የተንታው፣ አጎቶችህን እንደገና ስታገኛቸው አንድ ነገር ጠይቅልኝ። ሰገሌ ላይ ከዘመቱት የቤተሰባችሁ ሰዎች ውስጥ ሙስሊም የነበሩት እነማን ናቸው? ስማቸውን ጻፍ። ከየትኛው ቀበሌ እንደወጡ፣ የተመለሱትና ያልተመለሱት እነማን እንደሆኑ ጻፍ። እነዚያ ሽማግሌዎች ሳሉ ነው ይህ የሚገኘው። እኔም የአያቴን ወገን እየጻፍኩ ነው።